የማይለቀው እባብ

ፕራሶጆ ፈሪ ነው። ይህን ስል እያማሁት አይደለም፤ ራሱም ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ነጎድጓድ ይፈራል፣ ውሻ ይፈራል፣ ዝናብ ሲያባራ ጓሮ ውስጥ የሚጮኹትን እንቁራሪቶች ይፈራል። በከተማችን ትሬንጋሌክ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ የማሽኑ ክዳን ድንገት ሲወድቅ ከወንበሩ ብድግ ያላለበትን ቀን አላስታውስም። የሱቁ ባለቤት ፓ ሰሎ "አንተን እኮ ወረቀትም ያስበረግግሃል" እያለ ይስቅበታል። ፕራሶጆም አብሮ ይስቃል። ሲስቅ ግን ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ጭራቅ የሞላበት ጌም መውደዱ ይገርመኝ ነበር። ጌሙ አራት መንገደኞች አንድ ጫካ አቋርጠው ወደብ እስኪደርሱ ድረስ ከሚገጥማቸው ጠላት ጋር በየተራ የሚመታቱበት ነው። እሱ ሦስተኛው መንደር ላይ ቆሞ ከቀረ ወራት አልፈውታል። ከመንደሩ ወጣ እንዳሉ ፋኖስ የሚያጠፉ ሽፍቶች አሉ። ፋኖሱ ሲጠፋ ስክሪኑ ይጠቁርና የእግር ኮቴ ብቻ ይሰማል። ፕራሶጆ እዚያ በደረሰ ቁጥር ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይወጣና ሰው ያለበት ቦታ ሄዶ ይቀመጣል።

አንድ ቀን የጌሙ ወዳጆች በሚሰባሰቡበት ድረ ገጽ ላይ አንድ ጽሑፍ አገኘ። የጠላቶቹ ችሎታ በሙሉ በአንድ ተራ ፋይል ውስጥ በሠንጠረዥ ተቀምጧል፤ ማንም ከፍቶ ሊቀይረው ይችላል ይላል። ለእያንዳንዱ ችሎታ አንድ መስመር አለ። ስሙ፣ ማንን እንደሚመታ፣ ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ በስንተኛው ተራ ማሳመም እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚለቅ።

በማግስቱ ሱቅ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። "ሰማህ? የሚያስፈራኝ ነገር ሁሉ ለካ ቁጥር ነው" አለኝ።

ሠንጠረዡን ሱቅ ውስጥ አተመው፤ አሥራ አራት ገጽ ሆነ። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እንደምናደርገው ጠረዘውና በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበት ጀመር። ፓ ሰሎ ወረቀቱን እያየ ስንተኛ ዓመት ደረስህ ብሎ ቀለደበት።

መጀመሪያ የነካው ፋኖስ ማጥፋቱን ነው። ቁጥሩን ወደ ዜሮ አወረደው። ጌሙን ከፍቶ ወደ ጫካው ገባ፣ ሽፍታው ወጣ፣ የሽፍታው ተራ ደረሰ። ሽፍታው የሚያደርገው ነገር ስለሌለው ዝም ብሎ ቆመ። ጌሙ ደግሞ እሱ አንድ ነገር እስኪያደርግ ይጠብቃል። ፕራሶጆ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሽፍታውን ሲያየው፣ ሽፍታው እሱን ሲያየው ቆዩ። ከጨለማው ይልቅ ይኼ እንዳስፈራው ነግሮኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ፋይል ከመንካቱ በፊት ቅጂውን ለብቻ ያስቀምጣል፤ ጠላትንም ዜሮ አያደርግም፣ አንድ ያደርገዋል እንጂ።

በዚህ ዓይነት እያንዳንዱን ጠላት በየተራ እያዳከመ በሁለት ወር ወደብ ደረሰ። ደስ ብሎት ሥራውን ድረ ገጹ ላይ አወጣው። ሳቁበት። አንዱ ሽፍቶቹ ጡረታ ወጡ እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ለሁለት ዓመት ልጁ እንደሚሰጠው ጻፈ። አሮጌ እንቁራሪት የሚል ስም ያለው አንድ ሰው ብቻ በደግ ቃል መለሰለት። "ማዳከም ቀላል ነው፣ ወንድሜ። እስቲ አንድ የሚያስፈራ ነገር ሥራ። ከሁላችንም ይልቅ የሚያስፈራውን የምታውቀው አንተ ሳትሆን አትቀርም።"

በዚያው ሰሞን ሚስቱ ኪናንቲ ነፍሰ ጡር መሆኗ ታወቀ።

አማቱ ኢቡ ካርሲናህ (ኢቡ እናት ማለት ነው) ቴምፔ የሚባል የአኩሪ አተር ቂጣ ጠብሳ የምትሸጥ፣ ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። ነገሩ እንደተሰማ መጥታ አማቿን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። ልጁ እስኪወለድ ዶሮ አታርድም። ሚስማር አትመታም። እንስሳ አትጎዳም፤ ትንኝ ብትገድል እንኳ ወዲያው ይቅርታ ጠይቅ። ገመድ አትቋጥርም። ከታጠብህ በኋላ ፎጣህን አንገትህ ላይ አትጣል፤ አባት አንገቱ ላይ የጣለው ነገር ልጁ ላይ ይጠመጠማል።

ሌላ ወጣት ባል ሰምቶ ይረሳዋል። ፕራሶጆ ግን ሁሉንም ያዘ። ከመታጠቢያ ሲወጣ ፎጣውን እንደ ትሪ በሁለት እጁ ይዞ ነው። አይጥ የሩዙን ጆንያ ስትቀድ ቆሞ ያያታል። ሱቅ ውስጥ የወረቀት እሽግ በሲባጎ መታሰር ሲኖርበት እኔን ይጠራኛል፤ ያን ሁሉ ወር የእሱን እሽጎች ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። በቀን ስንት ጊዜ እጁ ሳያስበው ወደ አንገቱ እንደሚሄድ አይቻለሁ። አንድ ነገር እዚያ እንዳለ የሚፈትሽ ይመስላል።

ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር ልሥራ ብሎ ሲቀመጥ አንገት ብቻ ታየው። ይህን ያኔ አላስተዋለውም፤ እኔም አላስተዋልኩም።

ኪናንቲ አምስተኛ ወሯን ስትይዝ እባቡ አለቀ። ጌሙ ውስጥ ከድሮም ረግረግ ላይ የሚገኝ፣ ነክሶ የሚሸሽ አንድ ተራ እባብ ነበር። ፕራሶጆ የንክሻውን መስመር ገልብጦ አዲስ ችሎታ አደረገው። እባቡ ከእንግዲህ አይነክስም፤ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ስንት ተራ ቆይቶ ትንፋሽ መቀነስ ይጀምር በሚለው ቦታ ላይ ሁለት ብሎ ጻፈ። መቼ ይልቀቅ በሚለው ላይ ግን ማሰብ ደከመውና ባዶውን ተወው። ባዶ ማለት ዜሮ መስሎት ነበር። ጌሙ ግን ባዶውን የተረዳው በጭራሽ አይልቀቅ ብሎ ነው።

እባቡ የያዘውን አልለቀቀም። ብትመታው አይለቅም፣ ብትሸሽ አብሮህ ይመጣል፣ ከጫካው ብትወጣ አንገትህ ላይ እንደተጠመጠመ መንደር ይገባል። ድረ ገጹ ላይ ሲያወጣው ያወረዱት ሰዎች ወደዱት። በጌሙ ዘመን ሁሉ እንዲህ የሚያስጨንቅ ጠላት አላየንም አሉ። በአንድ ወር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወሰደው። ፕራሶጆ ቁጥሩን በየጠዋቱ ይነግረኝ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን ያስፈራው እሱ ነበርና።

በሰባተኛው ወር እንደ ወጉ ኪናንቲን በአበባ ውኃ አጠቧት። ኢቡ ካርሲናህ ለጋ የኮኮናት ቅጠል በልጇ ሆድ ዙሪያ ጠመጠመችና ለፕራሶጆ የአያቷን ጩቤ ሰጠችው። ባል ቅጠሉን ሲቆርጥ የልጁ መንገድ ይከፈታል። እኔም እዚያ ነበርኩ። ጎንበስ አለና ቅጠሉን ሲያይ እጁ ቆመ። ሆዷ ላይ የተጠመጠመውን ነገር እያየ ፊቱ ደም አጣ። መታው፤ አልተቆረጠም። ደግሞ መታው፤ አሁንም አልተቆረጠም። ከዘመዶቹ አንዷ "ተዉት እንግዲህ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሊቆርጠው ነው" አለችና ሰው ሁሉ ሳቀ። በሦስተኛው ተበጠሰ። ኢቡ ካርሲናህ ግን አልሳቀችም። ጩቤውን ስትቀበለው ዓይን ዓይኑን እያየች ነበር።

በማግስቱ ሥራ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ እባቡን ከኮምፒውተሩ እንዳጠፋ፣ ከድረ ገጹም እንዳነሳው ነገረኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ወረቀት መደርደር ቀጠለ።

ስምንተኛው ወር ላይ ኪናንቲ አልትራሳውንድ ታየች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስክሪኑን እያሳየቻቸው እትብቱ የልጁ አንገት ላይ ሁለት ጊዜ ዞሯል አለች። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፣ አትጨነቁ፣ እንቅስቃሴው ከቀነሰ ብቻ ኑ አለቻቸው። ኪናንቲ ሰምታ ስለ ምሳ ማውራት ጀመረች። ፕራሶጆ ከሁለት በኋላ የተባለውን አልሰማም። እባቡ ላይ ሁለት ብሎ የጻፈው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ሰው በቆመበት ቀስ እያለ ሲሰምጥ ማየት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሮጦ ሄዶ እጁን ሆዷ ላይ አድርጎ ይቆያል። ልጁ ከረገጠ ይመለሳል፤ ካልረገጠ እስኪረግጥ ይጠብቃል፣ ፓ ሰሎም ይቆጣል። ኪናንቲ "ልጁ ትንሽ ይተኛ እንጂ፤ አንተ እንቅልፍ ስላጣህ እሱም ይጣ?" ትለዋለች። ለእሷ አልነገራትም። ለማን ይንገር? ለሐኪሟ ቢናገር ትስቅበታለች። ለአማቱ ቢናገር አትስቅም፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ናቸው እንቅልፍ የነሱት። እሱ ከራሱ ኮምፒውተር ቢያጠፋውስ ምን ዋጋ አለው? ማካሳርና ሜዳን በሚባሉት ሩቅ ከተሞች፣ ስሙን እንኳ በማያውቀው አገር፣ እባቡ አሁን በዚህች ደቂቃ የሰው አንገት ላይ ነው። ከሰዎቹ አንዱን በመንገድ ቢያገኘው አያውቀውም።

ምጡ የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። የአዋላጇ ቤት ከመስጊዱ ቀጥሎ ሦስተኛው ነው፤ በእግራቸው ሄዱ። እስከ ቀትር ደህና ነበር። ከቀትር በኋላ ሕመሙ ሳያቋርጥ ምጡ አልገፋ አለ። አዋላጇ የልጁን ልብ በምታዳምጥበት መሣሪያ ድምፁ ለሁሉም ይሰማ ነበር፤ ሕመሙ ሲመጣ ይዘገያል፣ ሲሄድ ይመለሳል። አዋላጇ እስከተመለሰ ድረስ ችግር የለም፣ አልመለስ ካለ ግን ወዲያው ሆስፒታል እንሄዳለን ብላ መኪና በሩ ላይ አስቁማለች። ፕራሶጆ ግድግዳ ተደግፎ ያዳምጣል። በዘገየ ቁጥር የእሱም ትንፋሽ ይቆማል።

ኢቡ ካርሲናህ እጁን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችው። ምጥ አልገፋ ሲል በቤቱ ያለ የተዘጋ ነገር ሁሉ መከፈት፣ የተቋጠረ ሁሉ መፈታት አለበት። በሩ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ድስቱ፣ ጆንያው። ሂድና ክፈት አለችው። ከዚያ ግን እጁን አልለቀቀችውም።

"ሌላ ያሰርከው ነገር አለ?"

ዓይኑን ወደ መኪናው መለሰ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ጩቤው እጅህ ላይ ሲቆም አይቻለሁ። አሁን የማፈር ጊዜ አይደለም።"

ነገራት። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ስለ ፋይሉ፣ ስለ ባዶው ቦታ፣ ስለ ሰዎቹ። ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ ሴት ናት፤ አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም።

"አንገት ላይ ነው የሚጠመጠመው?"

"አዎ፣ ኢቡ።"

"የሚለቀውስ መቼ ነው?"

"አይለቅም። ግን እኮ አጠፋሁት፣ ከወራት በፊት አጥፍቼዋለሁ።"

"ሸሸግከው እንጂ አልፈታኸውም" አለችው። "የሸሸጉት ቋጠሮ ቋጠሮ ነው። ሂድ ፍታው።"

ቤቱ ሮጠ። በሩን፣ መስኮቱን፣ መሳቢያውን፣ የሩዙን ጆንያ፣ የጨውን ዕቃ፣ ያገኘውን ሁሉ ከፈተ። የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ለብቻ ካስቀመጠው ቅጂ እባቡን መልሶ አወጣው።

በባዶው ቦታ ላይ አንድ ብሎ ጻፈ፤ ከአንድ ተራ በኋላ ይልቀቅ። ጌሙን ከፍቶ ረግረጉ ውስጥ ገባ። እባቡ መጥቶ ተጠመጠመ። አንድ ተራ አለፈ፣ አልለቀቀም። ሁለት። ሦስት። የመንገደኛው ትንፋሽ መቀነስ ጀመረ። ፕራሶጆ እንደነገረኝ በዚያች ሰዓት ጮኸ፤ ግን ድምፅ አልወጣውም። ቤቱ ሁሉ ክፍት ነው፣ ነፋሱ መጋረጃውን ያነሳዋል፣ እሱ የማይለቅ እባብ ፊት ተቀምጧል።

በቀይ የተሰመረበትን ወረቀት ፈልጎ ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። ቁጥሩን የጻፈው አንድ ቦታ አሳስቶ ነበር፤ ከመልቀቂያው አጠገብ ባለ ሌላ ባዶ ቦታ ላይ። አስተካከለውና እንደገና ገባ። እባቡ ተጠመጠመ፣ አንድ ተራ ቆየ፣ ወደ ውኃው ተመለሰ።

የተስተካከለውን ድረ ገጹ ላይ አወጣና ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ። "እባቡን የወሰዳችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህንን አዲሱን ውሰዱ። አሁን የተያዛችሁ ካላችሁ ገብታችሁ አንገታችሁን አስለቅቁ። ሚስቴ ምጥ ላይ ናት። ምክንያቱን አትጠይቁኝ።"

መልሱ ወዲያው መጣ። አንዱ ሚስቱ ስታምጥ ጌም የሚሠራ ባል አይታችሁ ታውቃላችሁ ብሎ ጻፈ። ሌላው እባቡ ይበልጥ የሚያስፈራው ሳይለቅ ነው፣ አታበላሸው አለ። ሌላው የሳቅ ፊት ብቻ ላከ። አሥራ አራት ሰው ወሰደው። አሥራ ስድስት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እስኪሞላ ዓመት አይበቃም።

ከዚያ አሮጌ እንቁራሪት መጣ። "እኔ ጄምበር ከተማ ነው ያለሁት፤ እናቴም ልጅ ሲጠበቅ ገመድ አታስቋጥርም፣ ገብቶኛል። አንገቴ ላይ እንዳለ ያቆምኩት ጨዋታ አለኝ። ቆየኝ፣ ልግባ።"

ፕራሶጆ ስክሪኑን እያየ ጠበቀ። ስልኩ ጮኸ። ኢቡ ካርሲናህ ናት። "ና" አለችው፤ ዘጋች።

አንድ ቃል ብቻ። ያንን መንገድ እንዴት እንደሮጠ አያስታውስም፤ የመስጊዱ ጥግ ላይ የተፈታው ጫማው ከእግሩ እንደወለቀ ብቻ ያስታውሳል። ሲደርስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። የልጁ ልብ ድምፅ የለም፣ መሣሪያው ተነስቷል። ኪናንቲም ዝም ብላለች። የሚሰማው ፎጣ በፍጥነት የሆነ ነገር ሲያሽ ብቻ ነው፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው። አዋላጇ በዝግታ፣ ሰው እንደሚለምን ሆና "ነይ፣ ነይ እስቲ፣ ነይ እንጂ" ትላለች። ፕራሶጆ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። መግባት አልቻለም፤ መሸሽም አልቻለም። ነጎድጓድም ውሻም እስከዚያ ቀን የፈራው ነገር ሁሉ፣ ይህንን ለመፍራት መለማመጃ የነበረ መሰለው።

ትንሽ የሳል ዓይነት ድምፅ ወጣ። ከዚያ ልጅቷ ጮኸች፤ ስትጮህ ደግሞ መንደሩ ሰማት።

ኢቡ ካርሲናህ እጅጌዋ ረጥቦ ወጣች። ሴት ናት አለችው። እትብቱ ሁለት ዙር ነበር፤ አዋላጇ አንዱን ዙር እንደ አንገት ሐብል በጭንቅላቷ ላይ አሳለፈችው፣ ሁለተኛው ግን ጠበቅ ብሎ አስቸግሮ ነበር፣ ከዚያ እሱም ላላ። አዋላጇ ከውስጥ ሆና ከአራት ልጅ አንዱ እንዲህ ነው የሚወለደው፣ አታካብዱት አለች።

"ሁለተኛው የላላው በስንት ሰዓት ነው?" አላት ፕራሶጆ።

"እኔ ሰዓት ሳይ ነበር?" አለችው። የተፈታውን የደረቱን ቁልፍ፣ ባዶ እግሩን አየች። "ገብተህ ልጅህን እይና ወደ ቤት ሂድ። ሁሉን ከፍተህ ነው የመጣኸው፣ አይደል? ዶሮዎቹ ሩዙን ጨርሰውታል።"

ልጅቷን አያት። አንገቷ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ነበረ፤ በሦስት ቀን ጠፋ። ዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ ስሟ ላራስ ነው፣ ጉሮሮዋን ባሳላት ቁጥር አባቷ ከወንበሩ ይነሳል። ፍርሃቱ ለቀቀው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

ያን ቀን ቤቱ ሲመለስ ዶሮዎቹ እውነትም ጆንያው ውስጥ ነበሩ፤ አንዷ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ቀይ የተሰመረበትን ወረቀት ረግጣ ቆማለች። ስክሪኑ አልጠፋም። አሮጌ እንቁራሪት ጽፏል፤ "ለቀቀኝ። ውኃው ውስጥ ገባ። አንተ ጋስ?"

ፕራሶጆ በአንድ ጣቱ መለሰ።

"እያለቀሰች ነው።"